ቤልግሬድ ውስጥ የሰፈር ጥብስ ቤት ገብቶ መብላት፦ ከጭሱ እስከ ሂሳቡ

የሰርቢያ ዋና ከተማ ቤልግሬድ በገባሁ በሁለተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፉኛ ራበኝ። ካረፍኩበት ሆቴል ፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች የደረደረ ምግብ ቤት ነበር። እሱን ትቼ ከጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ የሚመጣውን የከሰል ጭስ ተከተልኩ። ጭሱ አንድ የሰፈር ጥብስ ቤት አደረሰኝ። ጠረጴዛዎቹ ቀይና ነጭ ዳማ ጨርቅ ለብሰዋል። ሽማግሌዎች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ማንም አይቸኩልም።

እዚያ ቤት በአንድ ምሳ ሦስት ስህተት ሠራሁ። ሳላውቅ አሳማ ያለበት ምግብ አዘዝኩ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ሥጋ ለብቻዬ አስመጣሁ። ከዚያ ደግሞ ቡና ሳልጠጣ ሂሳብ ጠየቅሁ። በኋላ ብዙ ጊዜ ተመላልሼ እንዴት እንደሚበላ ተማርኩ። ሰርቢያ የምትሄዱ ካላችሁ እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ።

አንደኛ፦ ቤቱን በአፍንጫ ምረጡ

የምትፈልጉት ቃል «ሮሽቲል» ነው። በፍም ላይ የሚጠበስ ሥጋ ማለት ነው። ቤቱ «ካፋና» ሊባል ይችላል። ካፋና ቡናም፣ ራኪያ የሚሉት የፍራፍሬ አረቄም፣ ምግብም፣ ወሬም ያለበት የድሮ ዓይነት ቤት ነው። «ቼቫብጂኒትሳ» ከተባለ ደግሞ ዋና ሥራው ቼቫፒ የሚባለውን የተፈጨ ሥጋ መጥበስ ነው። ምልክቱ ላይ «ና ቹሙር» የሚል ካያችሁ ግቡ፤ በከሰል ማለት ነው። በጋዝ የሚጠብስ ቤትም ሞልቷል፤ ግን እስከዚያ ድረስ ሄዶ ጋዝ ምን ይሠራል?

ስካዳርሊያ የሚባለው በድንጋይ የተነጠፈ የቱሪስት መንገድ ያምራል። ሙዚቀኛም አለበት። አንድ ማታ ሂዱበት። ለጥብስ ግን እንደ ካራቡርማ፣ ቮዥዶቫትስ ወይም ዜሙን ባሉ ሰፈሮች ገባ በሉ። ሜኑው በስድስት ቋንቋ ካልተተረጎመና የሰፈሩ ሰው ምሳውን እየገዛ ይዞ የሚሄድ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው።

ስለ ፊደሉ አትጨነቁ። ሰርቦች በላቲንም በሲሪሊክም ይጽፋሉ። ሲሪሊክ ካጋጠማችሁ ፒ የሚመስለው «ር»፣ ሲ የሚመስለው «ስ»፣ ኤች የሚመስለው «ን»፣ ቢ የሚመስለው «ቭ» ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቀን «ፔክቶፓህ» ብዬ ያነበብኩት «ሬስቶራን» ነበር።

ሁለተኛ፦ ግቡና ተቀመጡ

«ዶባር ዳን» ብላችሁ ግቡ። የቀን ሰላምታ ነው። በእንደዚህ ዓይነት ቤት አስቀማጭ አትጠብቁ፤ ባዶ ጠረጴዛ ካለ ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ «ሬዘርቪሳኖ» የሚል ካርድ ካለ ግን ተይዟል። ምሳ ከስምንት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሚበላ በስድስት ሰዓት ብትሄዱ ቤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። እሁድ ከሰዓት ግን ቤተሰብ ተሰብስቦ ይመጣል።

ሁለት ነገር ቀድማችሁ እወቁ። አንደኛው፣ ብዙ ቤቶች ውስጥ ሲጋራ ይጨሳል። የማይስማማችሁ ከሆነ በረንዳውን ምረጡ። ሁለተኛው፣ ሞቀኝ ብላችሁ ተነስታችሁ መስኮት አትክፈቱ። «ፕሮማያ» የሚሉት ነገር አለ። በሁለት በኩል ሽው የሚል ነፋስ ማለት ነው፤ ሰርቦች አንገት ያጣምማል፣ ራስ ምታት ያመጣል ብለው ይፈሩታል። ታክሲ ውስጥ «መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ መታኝ» ሲባል ላደገ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም። አንዲት እናት ከወዲያኛው ጠረጴዛ ተነስተው የከፈትኩትን መስኮት ሲዘጉ እናቴን ያየሁ መሰለኝ።

አስተናጋጁ መጥቶ «ኢዝቮሊቴ» ይላችኋል። ምን ልታዘዝ እንደ ማለት ነው። መልሱን ካላወቃችሁ አንድ ቃል ያዙ፦ «ሞዤ»። ይቻላል፣ ይሁን፣ እሺ፣ አምጣው፤ ሁሉንም ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት የኖርኩት በዚህች ቃል ነው።

ሦስተኛ፦ መጀመሪያ መጠጥ

መጠጥ ከምግብ በፊት ይታዘዛል። ራኪያ የምትቀምሱ ከሆነ አሁን ነው ሰዓቱ። የፕለም ፍሬው «ሽሊቮቪትሳ»፣ የአፕሪኮቱ «ካይሲያ»፣ ዱኛ ከሚሉት ቢጫ ፍሬ የሚወጣው ደግሞ «ዱኛ» ይባላል። ለጀማሪ ዱኛ ይሻላል፤ ሽታው ያባብላል። ራኪያ እና አረቄ የሚሉት ቃሎች የሚገናኙት «ዐረቅ» ላይ ነው፤ ሁለቱም የመጡት ከዚያ የዐረብኛ ቃል ነው። ጉልበታቸውም ይመሳሰላል። እንደ እኛ አረቄ ግን አንዴ ግልብጥ አይደረግም። በትንሽ ጠርሙስ ወይም በመለኪያ ይመጣል፤ እየተጎነጩ ይወራበታል። ብርጭቆ ስታጋጩ «ዢቬሊ» በሉ፤ ስትሉም ዓይን ለዓይን ተያዩ። ዓይኑን የሰበረ ሰው ይታዘቡታል።

አልኮል ለማይጠጣ «ኪሴላ ቮዳ» አለ። ቃል በቃል ጎምዛዛ ውሃ ማለት ነው፤ ጋዝ ያለው የማዕድን ውሃ። በአጭሩ አምቦ ውሃ። ከጥብስ ጋር አምቦ የለመደ ሰው ምንም አይጎድልበትም። ጋዝ የሌለውን ከፈለጋችሁ «ኔጋዚራና» በሉ።

አራተኛ፦ ሥጋውን እወቁ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው።

«ቼቫፒ» የጣት ውፍረትና እርዝመት ያለው፣ ከተፈጨ ሥጋ የተጠቀለለ ጥብስ ነው። ቃሉ ከቀባብ የመጣ ነው። ሙሉ ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ 10 ፍሬ፣ ግማሹ 5 ፍሬ ነው።

«ፕልዬስካቪትሳ» ያው የተፈጨ ሥጋ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ሲጠበስ ነው። ስሙ የመጣው ከማጨብጨብ ነው። ለምን እንደሆነ የገባኝ ጥብስ ሠሪው መስኮት ሥር ቆሜ ሳይ ነው። ሰውዬው እጁን ውሃ ነክሮ አንድ ጭብጥ ሥጋ አነሳ። ከቀኝ መዳፍ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲያድቦለቡሉ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። ሥጋው እየሰፋ፣ ጠርዙ እየሳሳ ሄደ። ፍሙ ላይ ሲያርፍ ጢስ ብሎ ጮኸ። ሰውዬው አልነካካውም። ደም ሲያንጠባጥብ ጠብቆ አንዴ ገለበጠው። ከዚያ የተሰነጠቀ ዳቦ አምጥቶ ሥጋው ላይ ደፋበት። እንፋሎቱም ቅባቱም ወደ ዳቦው ገባ። ዳቦው «ሌፒኛ» ይባላል። የእኛን «ኛ» ያለምንም ችግር ስለሚሉት ስም ሲጠሩ ደስ ይላል።

ቅመም አትፈልጉበት። የደቡቧ ከተማ ሌስኮቫትስ የጥብስ መዲና ናት፤ በየዓመቱ «ሮሽቲሊያዳ» የሚባል የጥብስ ፌስቲቫል ታዘጋጃለች። የሌስኮቫትስ ጠባሾች ሥጋውን ይፈጩታል፣ ጨው ያደርጉበታል፣ ያሳድሩታል፣ እንደገና ይፈጩታል። ዋናው ሥራ ማሳደሩ ላይ ነው። በርበሬና ኮረሪማ የለመደ ምላስ መጀመሪያ «ምነው አልጣፈጠ» ሊል ይችላል። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ የሥጋው የራሱ ጣዕም ይመጣል።

ያልተፈጨ ለሚፈልግ «ቬሻሊትሳ» አለ፤ ረዥም ሆኖ የተዘለዘለ ሥጋ ነው። ዝልዝል ጥብስን ያስታውሳል። ስልክ ላይ ብትተረጉሙት የኮት መስቀያ ሊላችሁ ይችላል፤ ምግቡን አትፍረዱበት። «ራዥኚቺ» በእንጨት የተሰካ ጥብስ ነው። የዶሮ «ባታክ»፣ ጉበትና ቋሊማም አይጠፋም።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ። ሰርቢያ ውስጥ አሳማ የየዕለት ሥጋ ነው። ቬሻሊትሳ ሲባል የሚታሰበው የአሳማ ነው። ራዥኚቺም ዶሮ ካልተባለ ብዙ ጊዜ አሳማ ነው። ቼቫፒና ፕልዬስካቪትሳ ከቤት ቤት ይለያያሉ፦ የበሬ ብቻ የሚያደርግ አለ፣ ከአሳማ ጋር የሚቀላቅልም አለ። እኔን ያሳሳተኝ «ጉርማንስካ» የሚባለው ፕልዬስካቪትሳ ነበር። ስሙ ደስ አለኝና አዘዝኩ። ውስጡ አይብና ቃሪያ ይገባል፤ ከነሱ ጋር በኩብ የተቆረጠ ቤከንም ይገባል። ግማሹን ከበላሁ በኋላ ነው የጠየቅሁት። አስተናጋጁ በኩራት «ስላኒና!» አለኝ። ቤከን ማለት ነው።

ስለዚህ ኦርቶዶክስም ሁኑ ሙስሊም፣ አሳማ የማትበሉ ከሆነ እነዚህን አጥኑ። «ስቪኜቲና» የአሳማ ሥጋ። «ዩኔቲና» የወይፈን። «ቴሌቲና» የጥጃ። «ያግኜቲና» የበግ ጠቦት። «ፒሌቲና» የዶሮ። «ቤዝ ስቪኜቲኔ» ደግሞ «አሳማ የሌለበት» ነው። ፍርግርጉ ግን የጋራ ነው። ያ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ወደ ኖቪ ፓዛር ዓይነት ቼቫፒ ቤት ሂዱ። ኖቪ ፓዛር ሙስሊሞች የሚበዙባት የደቡብ ምዕራብ ከተማ ናት። ቼቫፒዋ ያለ አሳማ የሚሠራና ቁመቱ አጠር ያለ ነው። በስሟ የሚነግዱ ቤቶች ቤልግሬድም አሉ። ሐላል ለሚጠብቅ ሰው ግን ስሙ ብቻ አይበቃም፤ «ሐላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቃሉ አንድ ነው።

አምስተኛ፦ ትንሽ እዘዙ

ምክሬ ቀላል ነው፤ ዓይናችሁ ካሰበው ግማሹን። ፕልዬስካቪትሳ ሜኑ ላይ በግራም ይጻፋል። ትንሹን ውሰዱ። ቼቫፒ ከሆነ 5 ፍሬ፣ «ፖላ ፖርትሲዬ» ማለት ግማሽ። ካልበቃ መጨመር ይቻላል፣ ማንም አይቆጣም።

ሁለትም ሦስትም ሆናችሁ ከሄዳችሁ «ሜሻኖ ሜሶ» አለ፤ ድብልቅ ጥብስ። በሞላላ ትልቅ ሳህን ተከምሮ መሀል ላይ ይቀመጣል። እንደ እኛ ትሪ ተከቦ ስለሚበላ ለሐበሻ የሚመች ነው። ግን ድብልቁ ውስጥ አሳማ አለመኖሩን ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አለ።

እኔ ለብቻዬ ያዘዝኩት ይሄንን ነበር። አስተናጋጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ ከኋላዬ በሩን አየ። ሰው የሚመጣ መስሎታል።

ስድስተኛ፦ ጨዋታው ያለው ማባያው ላይ ነው

ሥጋው ጨው ብቻ ነው ብያችኋለሁ። ቀሪውን የሚሠራው ማባያው ነው። ብቻውን ሥጋ ያዘዘ ሰው ግማሽ ምሳ ነው የበላው።

«ካይማክ» ወተት ተፈልቶ ሲቀዘቅዝ ላዩ የሚይዘው ወፍራም ክሬም ነው፤ ሰብስበው ጨው ያደርጉበታል። ጣዕሙ አይብና ለጋ ቅቤ መሀል ነው። ትኩስ ቼቫፒ ላይ ሲደረግ ቀልጦ ይወርዳል። ተጨማሪ ይከፈልበታል፣ ክፈሉ።

«አይቫር» ቀይ ስለሆነ አዋዜ ይመስላችኋል። አይደለም። የተጠበሰ ቀይ ቃሪያ ተልጦ፣ ተፈጭቶ፣ በዘይት ረዥም ሰዓት የሚቁላላ ነው። ይጣፍጣል እንጂ አያቃጥልም። በመከር ወቅት በየቤቱ ለክረምት ይዘጋጃል፤ የእኛ ሰው በርበሬ እንደሚያዘጋጀው ማለት ነው።

የሚያቃጥል የምትፈልጉ «ኡርኔቤስ» እዘዙ። ቃሉ ትርምስ፣ ሁካታ እንደ ማለት ነው። አይብ በሚያቃጥል ቃሪያ ተመትቶ የሚሠራ ነው። ክትፎ ላይ አይብና ሚጥሚጣ ለሚወድ ሰው ሌላ መግለጫ አያስፈልገውም።

ጥሬ ሽንኩርት ተከትፎ በነጻ ሊመጣ ይችላል፤ «ሉክ» ይሉታል። ከሰላጣ «ሾፕስካ» ቲማቲም፣ ኪያር፣ ቃሪያና ሽንኩርት ሆኖ ላዩ ላይ ነጭ አይብ ይፈገፈግበታል። «ስርፕስካ» ያው ሆኖ አይብ የለውም። ጥቅል ጎመን ሰላጣውም ቅባቱን ይቆርጣል።

አንድ ቀን የተጠበሰ የሚያቃጥል ቃሪያ አዘዝኩ። አስተናጋጁ «ሉቶ! ሉቶ!» አለና እጁን አፉ ላይ አራገበ። «ሞዤ» አልኩት። አመጣና አልሄደም፤ ትሪውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመ። አንዱን ከጫፉ ገመጥኩ። ጥሩ ነው፣ ግን ከእኛ ቃሪያ ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛውን ስጨርስ ወደ ጓዳ ተጣራ። ጠባሹ ከነሽርጡ ወጥቶ አየኝ። ሳህን ላይ ሦስት ቃሪያ ጨምሮ ላከልኝ፤ ሂሳብ ላይ አልገባም።

ሰባተኛ፦ ጾም ላይ ከሆናችሁ

ሰርቦች ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም አለ። ገናቸው እንደ እኛ ጃንዋሪ 7 ነው። ፋሲካችንም አንድ ቀን ይውላል። ስለዚህ ጾም ላይ ነኝ ብትሉ ሰው ግራ አይገባውም። ቃሉ «ፖስኖ» ነው፤ የጾም ማለት። የፍስኩ «ምርስኖ» ይባላል።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። እነሱ ዘንድ «ፖስኖ» ሲባል ዓሣ ሊገባበት ይችላል። ዓሣ ለማትበሉ «ቤዝ ሪቤ» ጨምሩበት። ጥብስ ቤት ውስጥም የጾም ምግብ አይጠፋም፦ «ፕሬብራናትስ» የሚባል በሽንኩርት በምድጃ የበሰለ ባቄላ መሰል ቦሎቄ፣ በነጭ ሽንኩርት የተሠራ የተጠበሰ ቃሪያ፣ ድንች፣ ጎመን፣ አይቫር፣ ትኩስ ሌፒኛ። ፕሬብራናትሱ ሞራ ወይም በጭስ የታጠነ ሥጋ እንዳይኖርበት «ፖስኖ?» ብላችሁ ማጣራት አትርሱ።

ስምንተኛ፦ አበላሉ

ምግቡ ሲመጣ «ፕሪያትኖ» ይባላል፤ መልካም ምግብ። ከጎን ጠረጴዛ የሚያልፍ ሰውም ሊላችሁ ይችላል፤ «ህቫላ» ብላችሁ አመስግኑ።

ሹካና ቢላ ይሰጣችኋል። ቼቫፒን ግን ሌፒኛ ቆርሶ፣ አንድ ፍሬ፣ ትንሽ ካይማክና ሽንኩርት አድርጎ በእጅ መጉረስ ነውር የለውም። ዳቦ ውስጥ ገብቶ በወረቀት የሚሰጠው «ኡ ሌፒኚ» ይባላል። እሱን ስታዝዙ መስታወቱ ውስጥ የተደረደሩትን ማባያዎች እያሳያችሁ ትመርጣላችሁ። ሦስት ዓይነት ይበቃል። ስምንቱንም ያስጨመረ ሰው ሸሚዙን ያጥባል።

ከኢትዮጵያ ነኝ ካላችሁ ሸምገል ያለ ሰው ወሬ ሊከፍት ይችላል። ሰርቢያ የነበረችበት የያኔዋ ዩጎዝላቪያ መሪ ቲቶና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወዳጆች ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ቤልግሬድ በተደረገው የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ተገኝተዋል። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት የሠሩትም የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው። ይህንን የነገርኳቸው አንድ አባት ራኪያ አዘዙልኝ። እምቢ ማለት ይቻላል፤ እጅን ደረት ላይ አድርጎ «ህቫላ፣ ኔ ፒየም» ማለት ነው። አልጠጣም።

ዘጠነኛ፦ ቡና፣ ከዚያ ሂሳብ

በልታችሁ ስትጨርሱ አስተናጋጁ ሂሳብ ይዞ አይመጣም። ረስቷችሁ አይደለም። እናንተ ሳትጠይቁ ማምጣት ተነሱልኝ እንደ ማለት ስለሚሆን ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ሂሳብ ስጠይቅ ፊቱ ተለወጠና «ካፋ?» አለኝ፤ ቡናስ?

«ዶማቻ ካፋ» እዘዙ። በትንሽ ጀበና መሰል ዕቃ ከነአተላው ይፈላል፤ «ጄዝቫ» ይሉታል። ስኳር ሲፈላ ስለሚገባ ቀድማችሁ ተናገሩ፦ «ጎርካ» ያለ ስኳር፣ «ስሬድኛ» መካከለኛ፣ «ስላትካ» ጣፋጭ። አተላው እስኪሰክን ጠብቁ። ከይርጋጨፌ ጋር አታወዳድሩት። ቡናው ለወሬ ነው።

ሂሳቡ «ራቹን፣ ሞሊም» ነው። በዲናር ይከፈላል፤ ትንንሽ ቤቶች ካርድ ላይቀበሉ ስለሚችሉ ጥሬ ብር ያዙ። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ ሒሳቡን ወደ ላይ ማጠጋጋት ወይም አሥር ከመቶ ገደማ መተው የተለመደ ነው። የተረፈውን «ዛ ፖኔቲ» ብላችሁ አስጠቅልሉ።

ከሰርብ ጋር ከበላችሁ ግን የሂሳብ ትግል አለ። «ያ ቻስቲም» ይላል፤ እኔ ነኝ የምጋብዘው። «ኧረ በሞቴ!» ብሎ ኪስ ውስጥ እጅ መክተት የሚያውቅ ሰው ምንም አያስተምሩትም። መከፋፈሉን አታንሱት፤ ተሸነፉና በሚቀጥለው እናንተ ቅደሙ። የሚቀጥለው እንዲኖር ደግሞ እዚያው ቤት ተመለሱ። እኔ በሦስተኛው ጉዞዬ ገና ወንበሩን ስስብ አስተናጋጁ ከሩቅ «ኢስቶ?» አለኝ። ያው ነው? አምስት ቼቫፒ የበሬ፣ ካይማክ፣ ሾፕስካ፣ ኪሴላ ቮዳ፣ ቃሪያውም።

«ሞዤ» አልኩት።